በቁሜ የተለቀሰልኝ ዕለት

እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። ዳንግላ ውስጥ ውሃ ልቀዳ ስወርድ እንኳ ሴቶቹ «ያቺ ናት፣ እናቷን የበላችው» ሲባባሉ እሰማ ነበር። እሰማለሁ፣ እንስራዬን አስቀምጣለሁ፣ አንድ በአንድ እሰድባቸዋለሁ። አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ማረፍ አያውቅም። ቤት ስደርስ ግን ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ያሳደገኝ አባቴ ነው። ጧት ጧት ዳዊቱን ሳይደግም እህል የማይቀምስ ሰው ነበር። ሳለቅስ ባገኘኝ ቁጥር አንዲት ነገር ይለኛል፦ «እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እኔ አልረሳሽም፣ አልተውሽም ብሎሻል እግዚአብሔር። እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።» እኔ ጭራሽ ይብስብኛል። «እናቴ መች ረሳችኝ? ሞተች እንጂ! ለሞተችብኝስ ምን ብሏል?» እለዋለሁ። አባቴ ራሴን ይዳብሰኛል። በሌላ ቀን ሳለቅስ ሲያገኘኝ ደግሞ ያችኑ ይደግማታል።

ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ወዳለ ገጠር ተዳርሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የባሌ ቤተሰቦች ገበሬዎች ናቸው፣ ፈረስ ይወዳሉ፣ እቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው። ባሌ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። አማቴ ግን ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ፤ አማርኛቸው ለገበያ ብቻ የምትበቃ ነበረች። የእኔ አገውኛ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ስለዚህ እንደ ሌላ አማትና ምራት አልተጣላንም። ለመጣላትም እኮ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ማርገዜ ሲታወቅ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔን ፍርሃት ያዘኝ። ሆዴ በገፋ ቁጥር ፍርሃቴም አብሮ ይገፋ ጀመር። እንደ እናቴ እንደምሞት አልተጠራጠርኩም። ብድሬን የምከፍል ነበር የሚመስለኝ፤ እኔ እሷን በላሁ፣ ይሄ ደግሞ እኔን ይበላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ለማንም አልተናገርኩም። ቀን እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ሆዴን ይዤ የቀሩኝን ወራት እቆጥራለሁ።

ምጡ በጥር ያዘኝ። የመንደሩ ሴቶች ቤቱን ሞልተው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። አዋላጇ አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ፤ በአማርኛ «ግፊ!» ሲሉኝ «እንዲህ ሆኜ አልችልም፣ በዚህ በኩል ያዙኝ» እያልኩ አዛለሁ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብለው ሴቶቹን አሳቋቸው። እኔም ሳቅሁ። ቀኑ መሸ፣ ነጋ፣ ደግሞ መሸ፤ ልጁ ግን ወይ ፍንክች። ከዚያ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። አዋላጇም አማርኛውን ተዉትና ከአማቴ ጋር በአገውኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ ጀመር። አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ሰው ፊትህ ቆሞ ድምፁን ሲቀንስ ስላንተ እንደሚያወራ ለማወቅ ቋንቋ መማር አያሻም።

አማቴ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የእቃ ሳጥናቸው ሲከፈት ሰማሁ። ሲመለሱ አንድ ነጭ ነገር ወደ ጉያቸው ሲከቱ አየሁ። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው። «ምንም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ወጥተው በቁጣ አንድ ነገር ተናገሩ። ባሌ ሮጦ ገባና «ዳንግላ ሐኪም ቤት እንወስድሻለን» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዳንግላ! እናቴ የሞተችበት አገር።

ጎሕ ሲቀድ በቃሬዛ አነሡኝ። ገና ደጁን ሳንወጣ አማቴ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ በዚያች በገበያ አማርኛቸው «አትፍሪ። እግዜር አልተውሽም ብሏል። ብሏል እኮ» አሉኝ። የአባቴ ቃል ናት። እሳቸው ዳዊት አይደግሙ፣ ፊደል አይቆጥሩ፤ ከየት እንዳገኟት እንጃ። ከዚያ የሰው ዓይን እንዳይወጋኝ፣ ፀሐይም እንዳይመታኝ ብለው በጋቢ ከራስ እስከ እግር ሸፈኑኝ።

ከጋቢው ሥር ያለውን ፍርሃት ምን ብዬ ልንገራችሁ? የሚታየኝ በጋቢው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው። ቃሬዛው ይንቀጠቀጣል፣ የወንዶቹ ትንፋሽ፣ ከኋላም የአማቴ ኮቴ ይሰማኛል፣ ምጡ ሲመጣ ልብሴን እነክሳለሁ። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ መንገዱን ትቶ ትከሻውን ሳያውስ አያልፍም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ድምፆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ጌታዬ፣ አልረሳሽም ብለሃል፣ አልረሳሽም ብለሃል» እላለሁ። አምኜ አይደለም። የምይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ዕለቱ የጥር ጊዮርጊስ ዋዜማ ነበር። ለበዓሉ ወደ እንጅባራ የሚወጡ ፈረሰኞች ከዳንግላ በኩል ይመጡ ነበር። የፈረሶቹ ቃጭል ከሩቅ ተሰማኝ፣ ዘፈናቸውም። ቀረቡ። በድንገት ዘፈኑ ቆመ። ከፈረስ ሲወርዱ ሰማሁ። ቀጥሎ አንዱ በጎርናና ድምፅ «ወይኔ! ወይኔ!» ብሎ ለቅሶውን አወረደው። ሌላው በአገውኛ ተቀበለው። «ኧረ እግሯን እዩት! እንሶስላው እንኳ ሳይለቅ! ይሄ እግር አፈር ሊበላው!» አለ አንድ ሦስተኛ።

እግሬ ከጋቢው ወጥቶ ኖሯል። ተሸፍኜ ሲያዩኝ ሬሳ መስያቸው ነው።

መሳቅ ነበረብኝ። ግን ልክ በዚያች ሰዓት ምጡ ለቅቆኝ ነበር። ምንም አያመኝም። ልጁም አይንቀሳቀስም። የሞተ ሰው እስኪቀበር ድረስ ሁሉን ይሰማል ሲሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ እኔስ እየሰማሁ አይደል? ሞቼ ይሆን? እንግዲህ ባሌ «ኧረ አልሞተችም» ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ እሱም ብሎ ብሎ ይንሰቀሰቅ ጀመር! ሰዎቹ ሲያለቅሱ ጊዜ ከጋቢው ሥር የሞትኩ መስሎት ነው። ገልጦ አያይም? ሰው ሚስቱ ትሙት ትዳን ሳያረጋግጥ ያለቅሳል? ቃሬዛውን አስቀመጡት። መሬቱ ጀርባዬን ነካኝ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም።

ከፍርሃቱ ውስጥ ንዴት መጣ። በእግዚአብሔር ላይ ነው የተናደድኩት። «አልረሳሽም አላልክም? ይኸው ሊቀብሩኝ ነው! የት አለህ?» አልኩት በልቤ። ጋቢውን በሁለት እጄ ገፈፍኩና ተነሥቼ «አልሞትኩም! ማን ሞተች አላችሁ! በቁሜ አታሟርቱብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ወይ ጉድ! ፈረሶቹ በረገጉ። አንዱ ፈረሰኛ ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሌላው እያማተበ «በስመ አብ» ይላል። ባሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። አማቴ ብቻ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ጉያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ እንባቸው ይወርዳል።

ፈረሰኞቹ አፈሩ። ያ መጀመሪያ ያለቀሰልኝ ጎርናናው ሰውዬ «እህቴ ይቅር በይን፤ በቁምሽ ላለቀስንብሽ እንካስሽ» አለና ፈረሱን ለጓደኛው ሰጥቶ ከቃሬዛው ሥር ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። በዓላቸውን ትተው ወደመጡበት ወደ ዳንግላ ዞሩ። ከዚያ በኋላ መሄድ አልነበረም፣ ሩጫ ነበር። ፊቴንም ማንም አልሸፈነኝም። ሰውዬው ጥቂት እንደሄድን «እህቴ፣ አለሽ?» ይለኛል። «አለሁ!» እላለሁ። ምጡ ተመልሶ ይዞኝ ዝም ካልኩ «እህቴ አለሽ ወይ?» እያለ ይጮሃል፣ ሩጫው ይብሳል። «አለሁ አልኩህ፣ ዝም በል!» እለዋለሁ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ዳንግላ ደረስን። ፍርሃቱ ግን ከደረቴ አልወረደም።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ ያኔ በሐኪም ፋንታ የሚያክመው ረዳት፣ ወንዶቹን ከደጅ አስቀርቶ እኔንና አማቴን አስገባን። ሆዴን ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ ፊቱን አኮማተረ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሮ «እናቲቱን ለማትረፍ እሞክራለሁ። ለልጁ ግን ቃል አልሰጥም» አላቸው።

አማቴ አልገባቸውም። እኔን አዩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ የሳቸውን ፊት እያየሁ የማይገባኝን ነገር ለማንበብ ስሞክር ከርሜ፣ አሁን ተራው የሳቸው ሆነ። ዓይናቸው «ምን አለ?» ይላል። ክንዴን ጎተት ጎተት ያደርጉኛል። ያቺ ዝምተኛ፣ ያቺ ወንዱን ሁሉ የምታዝ ሴት እንደ እኔው ትፈራለች ለካ! ያለውን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አቃተኝ። «አይፍሩ እማማ» አልኳቸው። «አልተውም ብሏል። ብሏል እኮ።» ለሳቸው ብዬ ስለው፣ ለራሴ ስለው ያላገኘሁትን አገኘሁ፤ እጃቸውን ያዝኩና ገፋሁ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ድሬሰሩ ሲጮህብኝ ትዝ ይለኛል፣ የአማቴ ጣቶች ሲጨመቁ ትዝ ይለኛል። ከዚያ አንድ ነገር ከውስጤ ወጣ። ዝም አለ። ድሬሰሩ ገልብጦ ጀርባውን መታ። ዝም አለ። እንደገና መታ። በመጨረሻ እንደ ተናደደ ሰው ጮኸ፤ የእኔ ልጅ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ሴት ናት።

«የምትጠቀለልበት ጨርቅ አምጡ» አለ ድሬሰሩ። የያዝነው ነገር ሁሉ በደም ርሷል። አማቴ ለአፍታ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱና ያንን ነጭ ነገር አወጡት። በክር የታሰረ አዲስ አቡጀዲ ነው። ሳየው አወቅሁት። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ገዝተው፣ ጠበል አስረጭተው፣ ለዕለተ ሞታቸው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። መግነዛቸው ነበር።

ጫፉን በጥርሳቸው ያዙና ቀደዱት። ልጄን ጠቀለሏት።

«ለእኔ ነው የያዙት?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «መንገድ ላይ ብትሞቺ… በአሮጌ ጋቢ አልቀብርሽም።»

ንዴቴ ተመለሰ። «ታዲያ መግነዝ በጉያዎ ይዘው ነው አትፍሪ የሚሉኝ?»

ቃሉን ፈለጉት፤ አማርኛቸው እስክትመጣላቸው ድረስ ጠበቅኋቸው። «እኔ ፈራሁ» አሉ። «ሁለታችን ከፈራን ማን ይሸከምሻል?» ከዚያ ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኙና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ። አሁን ለኔ ሌላ መግነዝ አንቺ ትገዢያለሽ። ሳትገዢ መሞት የለም።»

አባቴ ወሬው ደርሶት ያን ዕለት ከሰዓት መጣ። ልጅቷን አቅፎ ያችኑ ቃሉን አንሾካሾከላት። እንደ ወትሮዬ አልተከራከርኩትም፤ እሱም ገረመው።

መግነዙን ወዲያው አልገዛሁትም። ብገዛው የሚሞቱብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ገበያ በሄድኩ ቁጥር አቡጀዲ ተራውን ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ። «ገዛሽ?» ይሉኛል። «አልገዛሁም» እላለሁ። እየሳቁ «እንግዲያው አልሞትም» ይላሉ። ልጄ ፈረስ መጋለብ እስክትማር ድረስ እንዲህ ኖርን። በመጨረሻ አልጋ ሲይዙ ግን ከዳንግላ ገበያ ጥሩውን መርጬ ገዛሁላቸው፤ ሳሳያቸው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደዱት።

ሲገንዟቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ፊታቸው ሳይሸፈን «ቆዩ» አልኩና ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «አይፍሩ፤ አልተውም ብሏል» አልኳቸው። የሞተ ሰው እስኪቀበር ድረስ ይሰማል። እንዲገባቸው በአገውኛ ነው ያልኳቸው።