አልቃሿ አክስቴ ሲሸለሙ

አክስቴ አልቃሽ ናቸው። ይህን ለማያውቅ ሰው ስናገር «ውይ፣ ምን ሆነው?» ይለኛል። ምንም አልሆኑም። ከጉና ሥር እስከ እብናት ድረስ ሰው ሲሞት ተጠርተው ሙሾ የሚያወርዱ፣ ሟቹን በግጥም የሚሸኙ ሴት ናቸው። እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ በእኛ አገር ለቅሶ አይባልም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሁለት ስንኝ ሲያወርዱ፣ ለይሉኝታ ብቻ የመጣ ሰው እንኳ መሐረብ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ በዘር ወቅት ለሞተ ጎረቤታችን እንዲህ አሉ፦

በሬው ተጠምዶለት ዘሩም ተበታትኖ፣
ተኝቶ ይውላል ወይ ሰው ገበሬ ሆኖ?

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ፣ አቧራ የገባባቸው ይመስል ዓይናቸውን ሲያሹ ዋሉ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ደብረ ታቦር ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሹሩባ እንጂ ግጥም አልችልም። አክስቴ ይህን ይቅር ብለውኝ አያውቁም።

ይቅር የማይሉበት ምክንያት አላቸው። «እኔ ስሞት ማን ያለቅስልኛል?» ይላሉ። መጀመሪያ ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። ሞትን አይፈሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎረቤታቸው ነበር። የሚፈሩት መጥፎ ግጥም ነው። አገሩን ሁሉ አሳምረው ሸኝተው፣ እሳቸው ግን ቤት በማይመታ ግጥም መቀበር! የመንደሩን ሴቶች አንድ በአንድ ሞክረዋቸዋል። ሲሞክሩ ደግሞ ርኅራኄ የላቸውም። አንዷን በሰው ለቅሶ መሐል «ቆይ፣ ሰውዬውን ነው በሬውን ነው የምታለቅሽው?» ብለው አስቁመዋታል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት አፉን የሚከፍት ጠፋ።

አንድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። በኪነ ጥበብ፣ በባህልና በስፖርት ለአገር የሠሩ ሰዎች በሚከበሩበት ብሔራዊ ሽልማት ላይ አክስቴ በቃል ግጥም ተመርጠዋል አለኝ ሰውዬው። እልል ስል ራሷ ገና በግማሽ የተሠራላት ደንበኛዬ ደንግጣ ደጅ ወጣች። ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ወደ መንደር ሄድኩና አክስቴን ከደዋዩ ጋር አገናኘኋቸው። ሰውዬው እንኳን ደስ አለዎት ካለ በኋላ፣ በመድረኩ ላይ ትንሽ ሙሾ እንዲያሰሙ ለመናቸው።

«ማን ሞተባችሁ?» አሉት።

ማንም እንዳልሞተ ነገራቸው።

«እንግዲያውስ እግዜር ያኑራችሁ። ሰው ሳይሞት ሙሾ ሟርት ነው፤ አላደርገውም። ብትፈልጉ እመርቃለሁ።»

እኔ ሽልማቱ በዚሁ ቀረ ብዬ ነበር። አልቀረም።

አዳራሹ ውስጥ ከአንድ ሯጭ አጠገብ ተቀመጥን። አክስቴ የልጁን ክሳት አይተው በሰው አገር የታመመ መሰላቸው፤ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ካልበላህ ብለው አስጨነቁት። ልጁም አፉ እንደሞላ ስሙ ተጠራ። በኋላ የእሳቸው ተራ ደረሰ። አንገታቸው ላይ ሜዳሊያ ተንጠለጠለ፣ አበባ ተሰጣቸው፣ በትልቁ ታጥቦ በፍሬም የገባ ፎቶግራፋቸው ተበረከተላቸው። የሕይወት ታሪካቸው በንባብ ሲሰማ አገጫቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። ከዚያ አዳራሹን መረቁት፤ ያ ሁሉ ባለ ከረባት ተነሥቶ «አሜን! አሜን!» አለ። እኔ በደስታ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሲመለሱ «እንዴት ነበር ያነበቡልዎት?» አልኳቸው።

«መልካም ነው። ግን የአባቴን ስም ዘለለው፤ ደግሞም አንድም ቦታ ቤት አልመታም።»

አውሮፕላኑ ውስጥ «ይኸው አገር አከበረኝ» አሉ። «ስሞት ግን እኒህ ሰዎች አይመጡም። የሚመጡት እነዚያው የመንደሬ ሴቶች ናቸው።» ሜዳሊያውን አስተካከልኩላቸው።

ለመንደሩ እሑድ እንመጣለን ብለን ነበር። ቅዳሜ ባሕር ዳር ደረስንና፣ ድንገት ገብተን እናስደስታቸው ብለን ሳንደውል ሚኒባስ ተኮናተርን። ሾፌሩ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ማንን እንደጫነ ሲያውቅ ደረቱ ተነፋ። ፎቶግራፉ ከወንበሮቹ መሐል አልመች ስላለው፣ ከመኪናው ፊት ላይ በገመድ አሰረው፤ አበባውንም ዙሪያውን ሰካካው። ፍሬቻውን አብርቶ ጥሩምባውን እየነፋ ነዳ። ደብረ ታቦርን ስናልፍ አንዳንድ ሰው ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁ። የአገሬ ሰው አክባሪ ነው ብዬ ኮራሁ።

ሞኝነቴ! በእኛ አገር የሰው ፎቶግራፍ በትልቁ ታጥቦ፣ አበባ ተሰክቶበት፣ በመኪና ፊት የሚመጣው መቼ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

ወደ መንደሩ መግቢያ ዳገቱን ስንጨርስ ከገበያ የምትመለስ ሴት አየችን። የተሸከመችውን ጣለች። «ወይኔ! ወይኔ እናታችን!» ጩኸቱ ከቤት ቤት ሲዛመት፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣና መኪናውን ከበበው። አንዳንዶቹ ፎቶግራፉን አቅፈው ይስሙታል። ሾፌሩ እንጨት ሆኖ ቀረ። እኔ በሩን ልከፍት ስል አክስቴ እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጪ።»

«ኧረ ሞተዋል ብለው እኮ ነው!»

«መች ጠፋኝ። ዝም በይ፤ ልስማበት።» የመስኮቱን መጋረጃ ጎተት አድርገው ከኋላው ተሸሸጉ።

የመጀመሪያዋ ሴት ጀመረች፦

ሽሮሽ ይጣፍጣል፣ ቤትሽም ሞቃት ነው፣
ዛሬ የት ሄደሽ ነው በሩ የተዘጋው?

«በሽሮ?» አሉ አክስቴ በሹክሹክታ። «እኔን፣ በሽሮ?»

ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ። ሁለተኛዋ አንድ ስንኝ አውጥታ የሚገጥመው ጠፋባትና በ«ወየው» ጨረሰችው። ሦስተኛዋ ያንኑ ሽሮ ደገመችው። ያኔ ወደ አክስቴ ፊት ዞርኩ፤ ሳቄም ጠፋ። ዓመታት የፈሩት ነገር በጆሯቸው እየገባ ነበር። ትከሻቸው ወረደ፣ ሜዳሊያው ጉያቸው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ግጥም ባለመቻሌ እንደ ተቃጠልኩት ተቃጥዬ አላውቅም።

ከወደ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ቤት ስታጸዳ ኖራ ተመልሳ አሁን ሱቅ ከፍታለች። ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ከአክስቴ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስትናገር ግን ሰምቻት አላውቅም። አክስቴም ከሰው አልቆጠሯትም፤ «የአገሯን ቃል በረሃ ጥላው የመጣች» ይሏታል። ልጅቷ ሰዉን እየገፋች መጥታ ከፎቶግራፉ ፊት ቆመች።

ምን ብዬ ላልቅስሽ፣ ምንስ ቃል ላልብስሽ፣
ደህና ደህናውን ቃል ለሰው ሰጥተሽ ጨረስሽ።

መንደሩ ወንዱም ሴቱም በአንድ ድምፅ እዬዬ አለ።

አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሲያስለቅሱ እንጂ ለራሳቸው ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ከንፈራቸው ግን ስንኙን ቃል በቃል ይደግመው ነበር። ከዚያ «ክፈችው» አሉኝ።

ከመኪናው ሲወርዱ የሆነው ትርምስ! ግማሹ በስመ አብ እያለ ሸሸ፣ ባለ ሽሮዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ አክስቴ ዘርግተው ሰው መሆናቸውን ነካ አድርገው አረጋገጡ። «ሰው ናት!» ብለው ሲጮኹ ሳቁና እልልታው አንድ ላይ ፈነዳ። «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» ይላል አንዱ፤ ሌላው የሾፌሩን ጆሮ ይዞ ይስቃል።

አክስቴ ማንንም አልሳሙም። ሰዉን እየሰነጠቁ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄዱ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ይማሩኝ እትዬ፣ በቁምዎ...»

አክስቴ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት፤ ደጋግመው ጉንጯን ሳሙት።

«አንቺ ካለሽልኝማ» አሉ፣ «ለመሞት ምን አስቸኮለኝ!»