የአክስቴ ራእይ ሁለተኛ ምስክር

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተሰረቀ ነገርም የለበትም። ብዙዎቻችሁ ስታነቡት "ለዚህ ነው እንዴ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ እንዲሁ ብያለሁ። ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ፣ ዶርም ውስጥ ልጆች ስለ ራእይና ስለ ትንቢት ሲከራከሩ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። አንዷ "ጌታ ከተናገረ ተናገረ ነው፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?" ትላለች። እኔ ልብሴን አጣጥፋለሁ። "አንቺ የቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለሽ? ተናገሪ እንጂ!" ይሉኛል። ምን ብዬ ልናገር? እናቴ እንኳ የማታውቀውን ነገር ለእነሱ ልንገራቸው?

ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ለእናንተ ልንገራችሁ። እኔ በጌታ ስም ዋሽቻለሁ። ያላየሁትን አይቻለሁ ብያለሁ።

አክስቴ አማረች የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው ከገሱባ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሶዶ እናቴ ጋ ሆኜ ብማርም፣ ትምህርት ሲዘጋ የምሮጠው ወደ አክስቴ ነበር። ስደርስ "ከሳሽ!" ትለኛለች፤ ወፍሬ ብሄድም "ከሳሽ!" ትለኛለች። ሀብቷ ከቤቷ ጀርባ ያለው እንሰት ነው። እንሰት ዛሬ ተክለው ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። የአክስቴ እንሰት ግን ደርሶ፣ ቅጠሉ የጓሮውን ሰማይ ሸፍኖት ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ከወንዝ ማዶ ናት። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በዕድሜ የገፉት መሻገር አይችሉም፤ ሰንበትን ቤታቸው ይውላሉ።

አሥራ አንደኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ሊነጋጋ ሲል የአክስቴ ጸሎት ቀሰቀሰኝ። እሷ ስትጸልይ ድምፅዋ ግድግዳ አያግደውም። በወላይትኛ እያለቀሰች "ጌታ ሆይ፣ በእንሰቴ መካከል ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመው ሲዘምሩ አሳየኸኝ። እዚያ ቤትህ እንዲሠራ ትፈልጋለህ? መሬቱን ልስጥ?" ትል ነበር። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ሁሉንም ሰማሁ። ለእኔ አልነገረችኝም። እኔም ሰማሁሽ አላልኳትም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን "ጌታ አሳየኝ" ያለ ሰው በቀጥታ መድረክ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ለሽማግሌዎች ለብቻቸው ይናገራል። እነሱ ከቃሉ ጋር ይስማማ እንደሆነ ያያሉ፤ የሰውየውን ኑሮ ያያሉ፤ ይጸልያሉ። ነገሩ የብዙ ሰው ከሆነ ደግሞ ምን እንደታየ ሳይናገሩ ጉባኤውን ይጠይቃሉ። ነገሩን ሳይሰማ ያንኑ ያየ ሌላ ሰው ከተገኘ ራእዩ ጸና ይባላል። ካልተገኘ ይቆያል፤ ባለ ራእዩንም ማንም አያሳፍረውም።

በዚያ ክረምት ወንዙ ጎደል ባለበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ማርቆስ ተነስተው "ወገኖች፣ ስለ አንድ ስፍራ ጌታ አንዳች ነገር ያሳየው ሰው ካለ ከጉባኤው በኋላ ወደ እኛ ይምጣ" አሉ። አክስቴ ሄዳ እንደነገረቻቸው ገባኝ። በሚቀጥለውም እሑድ ጠየቁ። ማንም አልሄደም። አክስቴ ሁለቱንም ጊዜ አንገቷን ደፍታ ወጣች። መንገድ ላይ ዝም አለች። አክስቴ ዝም ስትል ታውቃላችሁ? አታውቁም። እሷ ከዶሮዎቿ ጋር እንኳ የምታወራ ሴት ናት።

ጋሽ ማርቆስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ እኔ ሄድኩ። እኔ ነኝ የሄድኩት፤ ማንም አልላከኝም። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። "በሕልሜ እንሰት አየሁ" አልኩ። "በመካከሉ ነጭ የለበሱ ሰዎች ይዘምራሉ።" አንደኛው ሽማግሌ ጉንጫቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ ማርቆስ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ አክስትሽ ነግራሽ ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ እሷ አልነገረችኝም።"

አልነገረችኝም! ቃሉ እውነት ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ። ውሸቱን ከእውነት ሠርቼ ሰጠኋቸው። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ራሴን ዳስሰው ባረኩኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔም ያለሁበት የመዘምራን ቡድን ሁሉ በሌላ ዓይን ያየኝ ጀመር። ታዲያ ያደረግኩት ለአክስቴ ብዬ ብቻ ነው? አይደለም። እኔም መታየት ፈልጌ ነበር።

ራእዩ ጸና ተባለ። በጋው ሲገባ አክስቴ መሬቱን ሰጠች። የካቲት ላይ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመንፈቅ ዓመት ዕረፍቴ ሲሆን፣ የጓሮው ግማሽ እንሰት ተቆረጠ። የተቆረጠ እንሰት ደግሞ አይጠብቅም፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ሊፍቁት መጡ። እኔም መፋቂያ ያዝኩ። ጎረቤታችን ታደለች አላስቀመጠችኝም።

"አንቺ የሶዶ ልጅ፣ እየፋቅሽው ነው ወይስ እያከክሽለት?"

"ተያት፣ ታደለች" አለች አክስቴ፤ "እጇ ለእስክሪብቶ ነው።"

"ለእስክሪብቶ ይሁን! ራእይ ሲሆን ግን ማን ይቀድማታል?"

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች። እኔ የምሄድበት ጠፋኝ።

ለምሳ ሲነሱ ሁለታችን ቀረን። አክስቴ ላቧን በክንዷ ጠርጋ "አንድ ነገር ልንገርሽ" አለችኝ። "እኔ እኮ ፈርቼ ነበር።"

"ምን ፈራሽ?"

"ራሴን። ወንዙ ሲሞላ ሰንበትን ቤት መዋል እንዴት እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ያየሁት ጌታ ያሳየኝ ይሁን ወይስ ልቤ የተመኘው፣ በምን ልለየው? ለዚያ ነው ለሽማግሌዎች የሰጠሁት። 'ያንተ ካልሆነ ማንም አይምጣ' ብዬ ለመንኩት። እና አንቺ መጣሽ።" በእንሰት ጭማቂ በተለወሰ እጇ እንዳታቆሽሸኝ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ። "አንቺ ነሽ ያሳረፍሽኝ።"

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት የገባኝ። እኔ ሽማግሌዎቹ እያዘገዩ የሚጎዷት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንዲመረምሩላት ራሷ ፈልጋ ነው የሄደችው። አይደለም ቢሏት አይደለም ብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ነኝ መልሱን የቀማኋት። ጌታ ሊመልስላት በሚገባው ቦታ ገብቼ የመለስኩት እኔ ነኝ።

"አክስቴ" አልኩ፤ "እኔ ምንም አላየሁም። ስትጸልዪ ሰምቼ ነው።"

መፋቂያው ቆመ።

"መቼ?"

"በክረምቱ። ሊነጋጋ ሲል።"

"ጮክ ብዬ ነበር?"

"በጣም።"

"ይሄ ድምፄ!" አለች። ፈገግ ልትል ፈልጋ አቃታት። የቆሙትን እንሰቶች አየች፤ ከዚያ የወደቁትን አየች። ብትቆጣኝ፣ ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ! "ስንት ቀን አመሰገንኩት መሰለሽ" አለች በቀስታ። ሴቶቹ ሲመለሱ ስትሰማ ደግሞ ቶሎ ብላ "ለማንም እንዳትናገሪ። ፈተና አለብሽ። እኔ እጨርሰዋለሁ" አለችኝ።

እንዴት እንደምትጨርሰው አልጠየቅኳትም። መጠየቅ አልነበረብኝም?

እሑድ ዕለት ከስብከቱ በኋላ አክስቴ ብድግ አለች። "አንድ ነገር አይቻለሁ ብያችሁ ነበር" አለች። "ያየሁት ጌታ ያሳየኝ ይሁን የልቤ ምኞት፣ አላውቅም። ሳላውቅ የእሱ ነው ማለት አልችልም። ቤቱ ይቅር።"

ጉባኤው አጉረመረመ። ጋሽ ማርቆስ "እህቴ፣ ምስክር ነበረሽ እኮ" አሉና ወደ መዘምራኑ፣ ወደ እኔ ተመለከቱ።

አክስቴ ወደ እኔ አልዞረችም። "ምስክርም ይሳሳታል። እኔ ቀድሜ ባልናገር ማንም ባልተሳሳተ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

እኔ ጉልበቴን አየሁ። መነሳት እችል ነበር። ፈተናው አላሰረኝም፤ "አትናገሪ" ማለቷም አላሰረኝም። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽማግሌዎቹም በዚያው ዕለት ነገሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ትመራው የነበረውን የሴቶች ጸሎት አትመራም። ማንም አልከለከላትም፤ ግን ማንም ምሪ አይላትም። መሬቷን ሽማግሌዎቹ መለሱላት፤ ታደለችም ችግኝ ሰጥታት በተቆረጠው ቦታ ተክላለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በሰው ላከችልኝ፤ ያመጣው ልጅ "'ከስተሽ እንዳትመጪ' ብላለች" አለኝ። በላሁት። አልቅሼ በላሁት።

ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመልጥም። ስለምወዳት ነው ብዬም አላመልጥም፤ ወድጃት ቢሆን ኖሮ እንዲመረመርላት በተውኩ ነበር። ጋሽ ማርቆስ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አክስቴ በራሷ ላይ የፈረደችው እኔን ለመሸፈን ነው። እባካችሁ ጸሎቱን ትምራ። እኔን ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። እሷ ቆማ የእኔን ጥፋት የተሸከመችበት፣ እኔም ተቀምጬ ያሸከምኳት፣ ሽማግሌዎቹም ነገሩን የዘጉት እሑድ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።