ጌጤና የወንበሮቹ ጥላ

ጌጤ በአውቶቡስ መናኸሪያው የትኬት ክፍል ተቀምጣ ከኪቦርዱ ላይ ደም ትጠርጋለች። ጥጥ ታጥፍና በቁልፎቹ መሃል ታስገባዋለች፤ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ሌላ ትቆርጣለች። ደሙ የትኬት ሻጩ የጋሼ ነው። የተቆጡ ተሳፋሪዎች በሩን ከውጭ በእርግጫ ይሉታል፤ እሷና ጋሼ ኮምፒውተሩ ያለበትን ጠረጴዛ ገፍተው አስደግፈውበታል።

ጌጤ የእህቴ ልጅ ናት። በልጅነቷ የደብተሯን ጠርዝ ሳታስጌጥ የቤት ሥራ ስለማትጀምር ነው ስሙ የወጣላት። አድጋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ሆነች። ለመናኸሪያው የትኬት ፕሮግራም ስድስት ወር ለፋች። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ወንበር ጠርዙ የተከበበ፣ ከሥሩ ጥላ የጣለ ትንሽ ሳጥን ነው፤ በማውስ ሲነኩት አረንጓዴው ቀስ እያለ ይቀላል። ወንበሩ ተሸጠ ተብሎ የሚመዘገበው ግን ቀልቶ ሲያበቃ ነበር። በእሷ አዲስ ኮምፒውተር ይህ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። የመናኸሪያው አሮጌ ማሽን ግን ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር የአርባ ዘጠኙን ወንበር ጥላ እንደገና ሲስል ስድስት ሰከንድ ፈጀ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት ቀን፣ በዚያች ስድስት ሰከንድ ውስጥ፣ ሁለቱ የትኬት መስኮቶች ወንበር ሰባትን ለሁለት ሰው ሸጡ።

ወንበሩን ከገዙት አንዱ፣ ባለ ሹራቡ ተሳፋሪ፣ ሌላውን፣ ባለ ሻንጣውን፣ ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ከአውቶቡሱ በር ጋር አላተመው። ሁለት ጥርስ ደረጃው ላይ ወደቀ። ከዚያ መጥቶ የትኬት መስኮቱን በክርኑ ሰበረ፤ ጋሼን በክራባቱ ስቦ ግንባሩን ከስብርባሪው ጋር አጋጨው። ሰልፈኛውም አብሮ ተነሣ። የሁለተኛው መስኮት ሻጭ በጓሮ አመለጠች።

“ልጄ፣” አላት ጋሼ መሐረቡን ቅንድቡ ላይ ጭኖ፣ “ወንበርሽ ተኳኩሎ እስኪጨርስ እነዚህ እኔን ቀብረው ይመለሳሉ።”

“ሁለት ደቂቃ ጋሼ፣ በሞቴ!”

“ሞትማ በሩ ላይ ነው፤ ዝም ብለሽ ሥሪ!”

ጥላዎቹንና የተከበበውን ጠርዝ አጠፋች። ቀስ ብሎ መቅላቱንም አጠፋች። ምዝገባውን ከቀለሙ አስቀደመች። የበሩ ሳንቃ ተሰነጠቀ፤ የባለ ሹራቡ እጅ በስንጥቁ ገብቶ ጸጉሯን ጨምድዶ ከበሩ ጋር ሦስቴ አጋጫት። በግራ እጇ በመስታወት ስባሪ ወጋችው፤ በቀኟ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች።

ወንበር አሥራ ሁለትን ነካችው። ወዲያው ቀላ።

“ቀጣይ!” ብሎ ጮኸ ጋሼ በተሰበረው መስኮት። “አንድ ወንበር ለአንድ ሰው! ወረፋ የያዘ ይቅረብ!”

ይህን ሲሰሙ ከፊት የነበሩት ባለ ሹራቡን “ወረፋችንን አበላሸህ!” ብለው ጎትተው ረገጡት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ውስጥ ድረስ ተሰማ።

“አክስቴ፣ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ” ትለኛለች።

ጋሼ ቅንድቡ አምስት ቦታ ተሰፋ። እሷ ግን የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪወጣ አልተነሣችም። የተከበበውን ጠርዝ አንዴ ብቻ ተስሎ እንደ ማኅተም ለሁሉም ወንበር እንዲያገለግል አድርጋ መለሰችው። ጥላውን አልመለሰችውም።

ጠዋት ስትወጣ ከመነጽር ሠሪው ዘንድ መነጽሬን እንድታመጣልኝ ልኬያት ነበር። ቤት ስትገባ የመነጽሩ ደረሰኝ በደም ተጣብቆ ኪሷ ውስጥ ነበር። ሱቁ ሳትደርስበት ተዘግቷል።