እናቴ የቀረችበት በረሃ

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ በፀሐይ የጋለ የመኪና ሸራ ሲሸተኝ፣ በጃንሆይ ዘመን ከወላጆቼ ጋር ሐጅ የሄድኩበት የልጅነት ጉዞ ይመጣብኛል።

ከጅዳ ወደ መዲና ሸራ በለበሰ ጭነት መኪና የተነሳን ዕለት ነበር። ከመስቃን የመጣን ሐጃጆች ተጠጋግተን ተቀምጠናል። በትኩሳት የምትነደው እናቴ ራሷን ጭኔ ላይ እንዳደረገች፣ "እኔን እዚህ አውርዱኝና እናንተ ሂዱ" አለችው አባቴን።

"ዝም በይ፤ ኢንሻአላህ ትድኛለሽ" አላት።

ደክሟት መስሎኝ፣ "አባ፣ አውርዳትና ትንሽ ትተኛ" አልኩት።

ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ ሞተች። ወንዶቹ የቀብር ሶላት ሰግደውባት አሸዋው ውስጥ ቀበሯት። ሾፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ተሳፈርን። ዞሬ ሳይ ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

ዛሬም ጎረቤት ለሐጅ ሲሰናበተኝ፣ "እናቴን መቃብሯ ድረስ ሄደህ ዘይርልኝ" ልለው ይቃጣኛል። የቱ ጋ ብዬ ልንገረው?