ለፈረስ የተጠራ ፖሊስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን የወሰድኩት ከፖሊስ ጣቢያው የስልክ መዝገብ ነው። «ሰው ጉድጓድ ገብቷል፤ ድረሱ» ይላል። የደወሉት አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ነበሩ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛ ዓመቴ ናዝሬት ላይ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ከተማዋ የጋሪ ከተማ ነበረች፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያ የፈረሶች ቃጭል አይቋረጥም። ነፋሱ ከወንጂ በኩል ሲመጣ የሚፈላ ስኳር ሽታ ይዞ ቢሮዬ ይገባል፤ ወረቀቶቼንም አቧራ ያለብሳቸዋል። ያን ጊዜ አቧራውን እረግመው ነበር። ዛሬ እሱም ይናፍቀኛል።

የሽማግሌው ፈረስ ለምሳ ተፈትቶ ሲግጥ ለመጸዳጃ ቤት ተቆፍሮ ከተተወ፣ ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ገባ። በወትሮው አንድ እሪታ ሰፈሩን ያወጣ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበር፤ በር ላይ የቆመው ጥበቃም ስብሰባ ለፈረስ እንደማይቋረጥ ነገራቸው። ሽማግሌው በአቅራቢያው ወዳለ ፋርማሲ ሄደው ደወሉ።

አንድ ሃምሳ አለቃ ስድስት ፖሊሶችና ገመድ ይዞ በጣቢያው ብቸኛ መኪና ደረሰ። የገባው ሰው የታለ ብሎ ሲጮኽ መልሱ ከታች መጣ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ገመዱን ግን መጀመሪያ ለእሱ ጣሉለት።»

ሽማግሌው እስከ ደረታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው የፈረሱን ራስ በትከሻቸው ደግፈው ነበር። ፖሊሶቹ ሁለቱንም እየሳቁ ጎትተው አወጡ፤ ሃምሳ አለቃውም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያስር ጠየቀ። ሳቁ ጣቢያ ሲደርሱ አበቃ። በዚያው ሰዓት እህል ተራ በጩቤ የተወጋ ሰው ያንኑ መኪና ግማሽ ሰዓት ጠብቋል። ነፍሱ ተርፋለች፤ ክሱን ያስጻፈኝ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

የሽማግሌውን ቃል የተቀበልኩት ራሴ ነኝ። ቢታሰሩ ጋሪው እንደሚቆም፣ ጋሪው ከቆመ ቤታቸው እንደሚራብ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«ሲደውሉ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ነበር?»

ነበር ቢሉ የሚያስተባብል ምስክር አልነበረኝም።

«አልነበረም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አሉ?»

«ፈረስ ብል ትመጡ ነበር?»

 የሐሰት ጥሪ የሚያስቀጣው መኪናውን ከሚያስፈልገው ሰው ስለሚነጥቅ መሆኑን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ስለተወጋው ሰው ጤና ጠየቁኝ። ዳኛው አንድ ወር ፈረዱባቸው። ባልንጀሮቻቸው ፈረሱ እስኪያገግም በየተራ ሣር አጨዱለት፤ ከዚያም ጋሪውን በተራ እየነዱ ገቢውን ለቤተሰቡ አስረከቡ።

ሽማግሌው ከደወሉ በኋላ ጉድጓዱ የገቡት ፈረሱ እንዳይታፈን ነው ወይስ ፖሊስ ሲደርስ ቃላቸው እውነት ሆኖ እንዲገኝ? መዝገቡ ይህን አይገልጽም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።