ጋርሳ የምትባል ጣውንቴ

ባሌ ኤሊዬሰር ሴት ቀና ብሎ አያይም። ይህን በከተማችን በቪያቪሴንሲዮ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። እኔን አንጀቴን የምታሳርረኝ አውሮፕላን ናት። አዎ፣ ሳቁ! ስሟ ጋርሳ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች፣ እናቴን በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት። ቢራና ጫጩት ጭና መኪና ወደማይደርስባቸው የጫካ መንደሮች ትመላለሳለች። ኤሊዬሰር መካኒኳ ነው። ጓንቱን አውልቆ ሆዷን ሲዳብስ ባያችሁት! እኔ ታምሜ ስተኛ ግን "ኪኒን ዋጪ" ብሎኝ ይወጣል፤ የሚመለሰውም ከመሸ ነው።

እሱ ደግሞ የሚቀናው በአርኑልፎ ነው። አርኑልፎ የድርጅቱን ሌላኛዋን አሮጌ አውሮፕላን የያዘ መካኒክ ነው። አምና ከሁለቱ አንዷ ጡረታ ትወጣለች ሲባል ባሌ እንቅልፍ አጣ። ያማረችዋን ያስቀራሉ ብሎ ከመጋዘን የወጣውን ደህና ዕቃ ሁሉ እየተሻማ ለጋርሳ ገጠመላት። አዲስ ጎማ ለሷ። የታደሱ ሁለት ሞተሮች ሲመጡም፣ አርኑልፎ ልጁን ሊድር ፈቃድ እንደወጣ አፈፍ አድርጎ ለሷው። ለኔ ጫማ ከገዛልኝ ስንት ጊዜው!

እኔ በበኩሌ ለእመቤታችን ሻማ አበራሁ። ትውደቅ አላልኩም፣ ሰው ይሞታል። ጡረታ አውጪያትና ባሌን መልሺልኝ፣ ይኸው ነው ያልኩት።

ውሳኔው የተነገረ ዕለት ምሳውን ይዤለት ሄጄ ነበር። አለቃቸው ኢንጂነር ግራሲዬላ "የምትወጣው ጋርሳ ናት" አለችው።

"እንዴ! ሁለቱም ሞተሯ አዲስ አይደለም እንዴ?"

"ሞተርማ ይነቀላል፣ ኤሊዬሰር። ክንፏ ሳይቀር ተፈታቶ የሚታይበት ትልቁ ፍተሻ ግን ደርሶባታል። ለሱ የሚወጣው ወጪ ከራሷ ዋጋ ይበልጣል። ያቺኛዋ ፍተሻውን በቅርብ ጨርሳለች። ስለዚህ እሷ ትበራለች፣ ጋርሳ መለዋወጫ ትሆናታለች። እንዲህ ባታሳምራት ኖሮ ትንሽ እናመነታ ነበር፤ አሁን ግን ደህናው ዕቃ ሁሉ እሷ ላይ ነው።"

አርኑልፎ ከኋላ ሆኖ "ወንድምዬ፣ እግዜር ይስጥህ! የኔዋን በጥሎሽ አንበሸበሽካት!" አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሞተሮቹን የነቀላቸውም፣ ለዚያችኛዋ የገጠማቸውም ኤሊዬሰር ራሱ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀደም። እኔማ ደስታዬን የት ላድርሰው! ፀጉሬን ተሠራሁ፣ የሚወደውን የሩዝ ዳቦ ጋገርኩ። አሁን ገና ባል አገኘሁ አልኩ።

እውነትም በጊዜ መግባት ጀመረ። ትናንት ወደ ማምሻው ከገበያ ስመለስ ጀርባውን ሰጥቶኝ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዘንቢሌን ተሸክሜ ከኋላው ደርሼ ላናግረው ስል አውሮፕላን ከሩቅ ተሰማ። ገና አትታይም። ባሌ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠና ተነሥቶ ቆመ።

"መጣች" አለ ለራሱ። "ግራ ሞተሯን ትንሽ ያስላታል። አይ አርኑልፎ! አልሰማትም እኮ።"

አለፈች። ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አዳመጣት። እኔም ዘንቢሉ እጄን ሲቆርጠኝ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩ።

ሳይዞር "ማነው?" አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስገባ ስወጣ፣ የእግሬን ኮቴ አያውቀውም።