የከተማው የመጨረሻ ቤት

አባቴ ዛሬ እዚሁ ሰቆጣ ውስጥ ጠፍተውብኝ ዋሉ። ተገኝተዋል፣ ተመስገን!

ቤቴን አይተውት አያውቁም፤ ስልክም አይዙም። ከአምደወርቅ የመጡበት ሚኒባስ ቢገባም እሳቸው የሉም። መናኸሪያ ሄጄ ስጠይቅ፣ "ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በእግራቸው ሄደዋል" አሉኝ። ሰቆጣ ውስጥ ጋቢ ያልለበሰ ሽማግሌ የት አለ?

ለካ ያሳሳትኋቸው እኔው ነኝ። ቤቱን የሠራሁ ጊዜ፣ "የከተማው የመጨረሻ ቤት ነው፤ ከሱ ወዲያ ማሽላ ብቻ ነው" ብያቸው ነበር። ማሽላው ዛሬ ሰፈር ሆኗል።

እሳቸው ደግሞ ቃሌን አምነው፣ የኔን በር አልፈው፣ ማሽላው እስኪጀምር ሄደው የመጨረሻውን ቤት አንኳኩ።

ሳገኛቸው፣ በቅርብ ከሰሃላ ከመጡ ባልና ሚስት ቤት ተቀምጠው፣ በኸምጣንጋ ቋንቋ እየተጫወቱ ምሳ ይበላሉ።

"አባዬ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!"

"እኔ መች ጠፋሁ? ከተማው ነው ጥሎህ የሄደው።"

ሚስትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ደነገጠች። "ወይኔ! እኔም ለበዓል ለምትመጣው እናቴ 'የመጨረሻው ቤት ነው' ብዬ ነው የነገርኋት!"

ከአጥሯ ማዶ አዲስ መሠረት እየተቆፈረ ነው።

የእናንተስ ቤት የመጨረሻ የነበረው መቼ ነው?